አልትራሶኒክ ማጽጃ፦ የሕክምና ዕቃ እንዴት እንደሚጸዳና ታካሚ ምን መጠየቅ እንደሚችል

አልትራሶኒክ ማጽጃ የሕክምናና የላቦራቶሪ ዕቃዎችን ውኃ ውስጥ ነክሮ በድምፅ ሞገድ የሚያጥብ ማሽን ነው። የሚገኘው በአብዛኛው በትልልቅ ሆስፒታሎች የዕቃ ማዘጋጃ ክፍል፣ በጥርስ ክሊኒኮችና በላቦራቶሪዎች ነው። መቀስ፣ ጉጠት፣ ወረንጦና የመስታወት ዕቃ በእጅና በብሩሽ ሊደረስበት ከማይችል ስንጥቅ ውስጥ ሳይቀር የደረቀ ደምና ቆሻሻ ያስለቅቃል።

ስለዚህ ማሽን አንድ ታካሚ ማወቅ ያለበት ዋና ነገር የሚከተለው ነው፦ ማሽኑ ያጥባል እንጂ ጀርም አይገድልም። ከማሽኑ የወጣ ዕቃ ቢያብረቀርቅም ገና በእንፋሎት ወይም በደረቅ ሙቀት መምከን ይቀረዋል። ይህ ጽሑፍ በላይና ታች ጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ለሚገኙ ታካሚዎችና ቤተሰቦቻቸው የተዘጋጀ ነው። ማሽኑ ባለበትም በሌለበትም ጤና ተቋም ዕቃው ለእርስዎ ከመቅረቡ በፊት ምን ምን ደረጃ ማለፍ እንዳለበት ያብራራል።

ታካሚን ለምን ይመለከተዋል?

ጥርስ ሲነቀል፣ ቁስል ሲሰፋ፣ እባጭ ሲከፈት፣ ወሊድ ላይ እትብት ሲቆረጥ፣ በቀዶ ሕክምና ሲወለድ የሚያገለግሉት መቀሶችና ጉጠቶች አብዛኞቹ ተመልሰው የሚሠሩ ናቸው። ከአንዱ ሰው ወደ ሌላው ሲዘዋወሩ በትክክል ካልተዘጋጁ የሚከተሉትን ሊያስተላልፉ ይችላሉ፦

- ሄፓታይተስ ቢ እና ሄፓታይተስ ሲ (ጉበትን የሚያጠቁ ቫይረሶች)። የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ በደረቀ ደም ላይ ቢያንስ ለ7 ቀናት ሊቆይ ይችላል።
- ኤችአይቪ።
- መንጋጋ ቆልፍ (ቴታነስ)። የዚህ በሽታ ጀርም ጠንካራ ቅርፊት ለብሶ ለዓመታት የሚቆይ ዘር ስላለው በተራ ማፍላት አይሞትም።
- ቁስልን የሚያመግሉ ሌሎች ባክቴሪያዎች።

እነዚህን ሁሉ ማስቀረት ይቻላል። የሚያስፈልገው ዕቃው ደረጃዎቹን ሳይዘል መዘጋጀቱ ነው።

ማሽኑ እንዴት ይሠራል?

ብዙ ሰው በእርግዝና ጊዜ የሚታየውን አልትራሳውንድ ያውቃል። አልትራሶኒክ ማጽጃም የሚጠቀመው የሰው ጆሮ የማይሰማውን ድምፅ ነው፤ ሥራው ግን ፈጽሞ ሌላ ነው። የሰው ጆሮ በሰከንድ እስከ 20,000 ጊዜ የሚርገበገብ ድምፅ ሊሰማ ይችላል። ብዙዎቹ ማጽጃ ማሽኖች በሰከንድ 40,000 ጊዜ ገደማ ይርገበገባሉ።

በማሽኑ ገንዳ ውስጥ ውኃና ለሕክምና ዕቃ የተዘጋጀ ማጽጃ ፈሳሽ ይሞላል። ማሽኑ ሲነሣ ውኃው ውስጥ በዓይን የማይታዩ እጅግ ብዙ አረፋዎች ይፈጠራሉ፤ ወዲያውም ይፈነዳሉ። አረፋው ሲፈነዳ የሚፈጠረው ጉልበት ከዕቃው ላይ የተጣበቀውን ቆሻሻ ይልጠዋል። አረፋዎቹ ውኃ በገባበት ሁሉ ስለሚፈጠሩ የመቀስ ማጠፊያ፣ የጉጠት ጥርስና ጠባብ ቀዳዳ ሁሉ ይደርሳቸዋል። ሥራው ብዙ ጊዜ ከ3 እስከ 10 ደቂቃ ይወስዳል።

ቆሻሻውን መልጠጥ የግድ የሆነበት ምክንያት አለ። ደምና ሥጋ በዕቃው ላይ ከቀረ ጀርሙን እንደ ካፖርት ይሸፍነዋል፤ እንፋሎቱም ሥሩ አይደርስም። ስለዚህ ሳይታጠብ የተቀቀለ ወይም አውቶክሌቭ የገባ ዕቃ መከነ ማለት አይቻልም።

ዕቃው የሚያልፍባቸው ደረጃዎች

1. ወዲያው ማለቅለቅ ወይም ማርጠብ፦ ሥራው እንዳለቀ ደሙ ሳይደርቅ በቀዝቃዛ ውኃ ይለቀለቃል ወይም እርጥብ ሆኖ ይቆያል። ፍል ውኃ አይደረግበትም። እንቁላል በሙቀት እንደሚረጋው ሁሉ ደምም በፍል ውኃ ረግቶ ብረቱ ላይ ይጣበቃል።
2. ማጠብ፦ በእጅ፣ በብሩሽና በፈሳሽ ሳሙና ወይም በአልትራሶኒክ ማሽን።
3. ማለቅለቅና ማድረቅ፦ የሳሙናው ቅሪት በንጹህ ውኃ ይወገዳል። በላቦራቶሪ ዕቃ ላይ የቀረ ሳሙና የምርመራ ውጤትን ሊያዛባ ይችላል።
4. መፈተሽ፦ ማጠፊያውና ጥርሱ በብርሃን ይታያል። ቆሻሻ ካለ ወደ ደረጃ 2 ይመለሳል።
5. ማምከን፦ በአውቶክሌቭ በ121 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እንፋሎት፣ ላልተጠቀለለ ዕቃ 20 ደቂቃ፣ ለተጠቀለለ 30 ደቂቃ። ወይም በደረቅ ሙቀት በ170 ዲግሪ 1 ሰዓት፣ በ160 ዲግሪ 2 ሰዓት። ደቂቃው የሚቆጠረው ሙቀቱ ከደረሰ በኋላ ነው።
6. በደረቅና በንጹህ ቦታ ማስቀመጥ፦ ጥቅሉ ከረጠበ ወይም ከተቀደደ እንደገና መምከን አለበት።

ሁሉም ዕቃ እስከ መጨረሻው ደረጃ መድረስ አይጠበቅበትም። ሥጋ ውስጥ ወይም ደም ውስጥ የሚገባ ዕቃ መምከን አለበት። እንደ ማህፀን መመርመሪያ ያለ፣ የውስጥ እርጥብ አካልን የሚነካ ዕቃ ቢያንስ በከፍተኛ ደረጃ ከጀርም መጽዳት ይገባዋል። የደም ግፊት መለኪያና የልብ ማዳመጫ ጤነኛ ቆዳን ብቻ ስለሚነኩ ማጽዳቱ በአብዛኛው ይበቃቸዋል። መርፌና የጣት መውጊያ ላንሴት ግን አንድ ጊዜ ብቻ ተሠርቶባቸው ወደ ሴፍቲ ቦክስ የሚጣሉ ናቸው፤ አይታጠቡም፣ ለሌላ ሰውም አያገለግሉም።

ደጋ ላይ ማፍላት ለምን አይበቃም?

በጉና ተራራ ዙሪያ የሚኖር ሰው ባቄላና ሽምብራ ደጋ ላይ ቶሎ እንደማይበስል ያውቃል። ምክንያቱ ውኃው የሚፈላው ዝቅ ባለ ሙቀት መሆኑ ነው። ከፍታ በ300 ሜትር በጨመረ ቁጥር የውኃ መፍያ ሙቀት በ1 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል። በባሕር ወለል 100 ዲግሪ ላይ የሚፈላ ውኃ እንደ ነፋስ መውጫ ባለ 3,000 ሜትር አካባቢ ከፍታ ባለው ደጋ በ90 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። እሳቱን ቢያበዙት ውኃው ቶሎ ያልቃል እንጂ ከዚያ በላይ አይሞቅም።

90 ዲግሪ ውኃ ለ20 ደቂቃ ያለማቋረጥ ሲፈላ አብዛኞቹን ባክቴሪያዎችና ቫይረሶች ይገድላል፤ ኤችአይቪና ሄፓታይተስ ቢም ከእነዚህ መካከል ናቸው። የመንጋጋ ቆልፍን ዘር ግን በቆላም ሆነ በደጋ ማፍላት አይገድለውም። አውቶክሌቭ የተሠራው ለዚህ ነው፤ እንፋሎቱን አፍኖ በግፊት ሙቀቱን ወደ 121 ዲግሪ ያደርሰዋል።

በጤና ተቋም ለሚሠሩ የቤተሰብ አባላት አንድ ጠቃሚ ነጥብ እንጨምር። በባሕር ወለል የአውቶክሌቭ ግፊት መለኪያ 1.05 ባር ገደማ ሲያሳይ ውስጡ 121 ዲግሪ ደርሷል። በ3,000 ሜትር ከፍታ ግን የውጭው አየር ስስ ስለሆነ እዚያው ሙቀት ለመድረስ መለኪያው 1.35 ባር ገደማ ማሳየት አለበት። ስለዚህ ደጋ ላይ ግፊቱን ብቻ አይተው አይቁጠሩ፤ የሙቀት መለኪያውን ይከተሉ፣ ከፍታውንም የሚያውቅ የሕክምና መሣሪያ ባለሙያ ያስተካክለው። ማሽኑ ከተሠራበት ግፊት በላይ እንዲሄድ በፍጹም አያስገድዱ።

ማሽኑን በደህና መጠቀም

ይህ ክፍል በላቦራቶሪ፣ በጥርስ ክሊኒክ ወይም በዕቃ ማጠቢያ ለሚሠሩ ወገኖች ነው። ልጅዎ፣ እህትዎ ወይም ባለቤትዎ በዚህ ሥራ ላይ ካሉ ያንብቡላቸው።

ከመነሣቱ በፊት፦

- ወፍራም የጎማ ጓንት፣ የዓይን መከላከያ፣ የአፍና አፍንጫ መሸፈኛ፣ ውኃ የማያስገባ ሽርጥና የተዘጋ ጫማ ይደረግ።
- በዓይን የሚታየው ደም አስቀድሞ በቀዝቃዛ ውኃ ይለቅ።
- መቀስና ጉጠት ተከፍተው ቅርጫቱ ውስጥ ይደርደሩ። ዕቃው የገንዳውን ወለል መንካት የለበትም፤ ሙሉ በሙሉም ውኃ ውስጥ መጥለቅ አለበት። ከልክ በላይ ከታጨቀ ሞገዱ አይደርስም።
- ለማሽኑ የተፈቀደ ማጽጃ ፈሳሽ በመመሪያው መጠን ይጨመር። አልኮል፣ አሴቶን፣ ቤንዚን ወይም ሌላ ተቀጣጣይ ነገር ገንዳው ውስጥ በቀጥታ ማድረግ እሳት ሊያስነሣ ይችላል።
- በረኪና አይጨመርበት። ብረቱን ይበላዋል፤ ገንዳውንም ያበላሻል።
- አዲስ የተሞላ ውኃ የታመቀ አየር ስላለው ማሽኑ ያለ ዕቃ ለጥቂት ደቂቃ ይሠራና አየሩ ይውጣ። ውኃ ሳይኖረው ግን ፈጽሞ አይነሣ።

እየሠራ ሳለ፦

- ክዳኑ ይዘጋ። ማሽኑ ሲሠራ ደም የነካው ውኃ በደቃቅ ጠብታ መልክ ወደ አየር ይወጣል፤ ክዳኑ ይህንንም ድምፁንም ይከለክላል።
- እጅ ውኃው ውስጥ አይገባ። ሞገዱ ሥጋን ሊጎዳ ይችላል፤ ስለታም ዕቃም አለ። ቅርጫቱ የሚወጣው ማሽኑ ከቆመ በኋላ በእጀታው ነው።
- ውኃው ከ45 ዲግሪ በላይ አይሙቅ፤ ደም ይረጋል። ማሽኑ ሲሠራ ራሱ ውኃውን ስለሚያሞቀው መከታተል ያስፈልጋል።
- ቀኑን ሙሉ ከማሽኑ አጠገብ መቆም ራስ ምታትና የጆሮ ጩኸት ሊያመጣ ይችላል። ራቅ ብሎ መጠበቅ ወይም የጆሮ መከላከያ መጠቀም ይመከራል።

ከሥራ በኋላ፦

- ውኃው ቢያንስ በየቀኑ፣ ከደፈረሰ ደግሞ ወዲያው ይቀየር። የደፈረሰ ውኃ ከአንዱ ዕቃ ጀርም ወስዶ ለሌላው ይሰጣል።
- ገንዳው ከመድረቁና ከመወልወሉ በፊት ሶኬቱ ይነቀል። ማሽኑ የመሬት ሽቦ ባለው ሶኬት ላይ ይሰካ። መብራት ሲሄድ ጠፍቶ ይቆይ፤ ሲመለስ ሥራው ከመጀመሪያው ይቆጠር።
- ማሽኑ መሥራቱን ለማረጋገጥ ስስ የአልሙኒየም ፎይል ለአንድ ደቂቃ ያህል ውኃው ውስጥ ይንጠልጠል። ፎይሉ በየቦታው እኩል ከተበሳሳ ማሽኑ ደህና ነው፤ ካልተበሳሳ ይጠገን።

ማሽኑ በሌለበት

አልትራሶኒክ ማጽጃ የሌለው ጤና ጣቢያ በብሩሽና በሳሙና በደንብ ሊሠራ ይችላል፤ እዚህ ላይ ታካሚ አይስጋ። ዕቃው ተከፍቶ፣ ውኃ ውስጥ እንደጠለቀ፣ በለስላሳ ብሩሽ ማጠፊያውና ጥርሱ ይታሻል። ከውኃ በላይ መፈተግ ደም ወደ ዓይን ይረጫል። ከዚያ በኋላ ማምከኑ ያው ነው።

በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ነፋስ መውጫ ሲደርስ የጤና ተቋማት ዕቃ ተዘርፏል፣ ተጎድቷልም። ዕቃ ባነሰ ቁጥር ያለው ቶሎ ቶሎ ይሠራበታል፤ በአንድ ቀን ለብዙ ሰው የሚያገለግል ጉጠት ደግሞ በየመካከሉ ሙሉ ደረጃውን ማለፍ አለበት። ባለሙያው «ዕቃው እስኪመክን ትንሽ ይጠብቁ» ካለዎት ሥራውን በትክክል እየሠራ ነውና ይጠብቁ። ሕይወትን ለማትረፍ የሚሠራ አስቸኳይ ሕክምና ግን በዚህ ምክንያት አይዘግይ።

ታካሚ ምን ማየትና መጠየቅ ይችላል?

- ጥቅሉ ፊትዎ ይከፈታል? ደረቅና ያልተቀደደ ነው? ቀን ተጽፎበታል?
- በጥቅሉ ላይ የተለጠፈው የአውቶክሌቭ ፕላስተር መስመሮቹ ጠቁረዋል? ይህ ጥቅሉ ሙቀት ማግኘቱን ያሳያል። ብቻውን ግን መምከኑን አያረጋግጥም።
- መርፌው ከአዲስ እሽግ ወጣ?
- ባለሙያው ለእርስዎ አዲስ ጓንት አድርጓል?

መጠየቅ ነውር አይደለም። «ሲስተር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ዕቃው በአውቶክሌቭ መክኗል?» ወይም «ዶክተር፣ መርፌውን እዚሁ ቢከፍቱልን?» ማለት ይበቃል። ጥያቄው ለአረጋውያን ወላጆች የሚከብድ ከሆነ አስታማሚው ይጠይቅ። መልሱ ካላጠገበዎትና ሕክምናው አስቸኳይ ካልሆነ የተቋሙን ኃላፊ ወይም የኢንፌክሽን መከላከል ተጠሪውን ያነጋግሩ።

ከጤና ተቋም ውጭ ጥንቃቄ

- እንጥል ማስቆረጥና የሕፃን የወተት ጥርስ ማስነቀል የሕክምና ጥቅም የላቸውም፤ ደም መፍሰስና ከባድ ኢንፌክሽን ያስከትላሉ። ምላጩ በእሳት ስለተለበለበ ወይም በአረቄ ስለታጠበ ከጀርም ነፃ አይሆንም።
- ግርዛት ለሚፈጸምለት ወንድ ልጅ ጤና ተቋም ይውሰዱት። ሴት ልጅን መግረዝ በሕግ የተከለከለና ጎጂ ነው።
- ወሊድ በጤና ተቋም ይሁን። ምጥ በድንገት መጥቶ ቤት ከተወለደ እትብቱ ያልተከፈተ አዲስ ምላጭ ይፈልጋል፤ እበት፣ አፈር ወይም ቅቤ አይደረግበትም። እናትና ልጅ ዕለቱኑ ይታዩ።
- ፀጉር ቤት ሲሄዱ አዲስ ምላጭ ይጠይቁ። በፀጉርና ጥፍር ቤቶች የሚታየው ሰማያዊ ብርሃን ያለው ሳጥን ብርሃኑ ያረፈበትን ገጽ ብቻ ነው የሚነካው፤ ያልታጠበ መቀስ አያመክንም።
- ለመነጽር፣ ለጌጣጌጥና ለሰው ሠራሽ ጥርስ የሚሸጡ ትንንሽ አልትራሶኒክ ማሽኖች ጆሮ መብሻን ወይም መርፌን ለሌላ ሰው ደህና አያደርጉም።
- ቤት ውስጥ ደም ከፈሰሰ ጓንት ወይም የፕላስቲክ ከረጢት እጅዎ ላይ አድርገው በጨርቅ ያንሡት። ከዚያ 5 በመቶ ከሆነ በረኪና አንድ እጅ፣ ውኃ ዘጠኝ እጅ ቀላቅለው ቦታው ላይ ለ10 ደቂቃ ይተዉት። በረኪናን ከሌላ ማጽጃ ጋር አይቀላቅሉ፤ መርዛማ ጋዝ ይወጣል።

መርፌ ወይም ስለታም ዕቃ ቢወጋ

ያልተከተበ ሰው ሄፓታይተስ ቢ ያለበት ሰው ደም በነካው መርፌ ቢወጋ፣ ከ100 እስከ 30 በሚደርስ ዕድል ሊያዝ ይችላል። ለኤችአይቪ ዕድሉ ከ1,000 ወደ 3 ገደማ ነው። ሁለቱንም መከላከል ይቻላል፤ ጊዜው ግን አጭር ነው።

- ቦታውን በውኃና በሳሙና ይጠቡ። አይጭመቁት፣ በረኪናም አያድርጉበት። ዓይን ውስጥ ከተረጨ በብዙ ንጹህ ውኃ ይለቅለቁ።
- ለኃላፊ ወዲያው ያሳውቁ፣ ወይም በአቅራቢያዎ ወዳለ ጤና ጣቢያ ይሂዱ። የኤችአይቪ መከላከያ መድኃኒት በሰዓታት ውስጥ ቢጀመር ይመረጣል፤ ከ72 ሰዓት በኋላ አይሰጥም።
- የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ካልወሰዱ ይጠይቁ። ለአዋቂ ሦስት ጊዜ ይሰጣል፦ መጀመሪያ፣ ከ1 ወር በኋላና በ6ኛው ወር።

በጤና ተቋም የሚያጸዱና ዕቃ የሚያጥቡ ሠራተኞች ከሐኪሙ ባላነሰ ለዚህ አደጋ የተጋለጡ ናቸውና ሳይወጉ በፊት ይከተቡ። በአገራችን የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ በአምስት በሽታዎች መከላከያ ውስጥ ለሕፃናት በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት ይሰጣል። ከዚያ በፊት የተወለዱ ብዙዎች አልወሰዱትም።

መቼ ወደ ጤና ተቋም ይመለሱ?

ጥርስ ከተነቀለ፣ ቁስል ከተሰፋ ወይም ቀዶ ሕክምና ከተደረገ በኋላ የሚከተሉት ከታዩ አይቆዩ፦

- ትኩሳት፣ የቁስሉ ማበጥ፣ መቅላት፣ መግል ወይም መጥፎ ሽታ።
- እየቀነሰ በመሄድ ፋንታ የሚብስ ሕመም።
- አፍ መክፈት ወይም መዋጥ ሲያቅት፣ አንገትና ጀርባ ሲደርቅ። መንጋጋ ቆልፍ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከ3 እስከ 21 ቀን ባለው ጊዜ ነው፤ ይህ ድንገተኛ ነው፣ በዚያው ሰዓት ይሂዱ።
- አዲስ የተወለደ ሕፃን ጡት መጥባት ሲያቆምና ሰውነቱ ሲገተር። ይህም ድንገተኛ ነው።
- ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ የዓይን ቢጫ መሆን፣ የሽንት መጥቆር፣ የምግብ ፍላጎት መጥፋት። ብዙዎች «የወፍ በሽታ» ብለው ወደ ባሕል መድኃኒት ይሄዳሉ፤ አስቀድመው የጉበት ምርመራ ያድርጉ።

ሲመለሱ ሕክምናው መቼና የት እንደተደረገ፣ ምን እንደተወጉ ወይም እንደወሰዱ ለሐኪሙ ይንገሩ። የተሰጠዎት ወረቀት ካለ ይዘው ይሂዱ። ከነፋስ መውጫ፣ ከአርብ ገበያ፣ ከወገዳ ወይም ከመካነ ኢየሱስ ወደ ደብረ ታቦር ሪፈር ከተባሉም ወረቀቱን አይተዉ፤ የሚቀበለው ሐኪም ሥራውን የሚጀምረው ከእሱ ነው።